በአንገት አከርካሪ ቀዶ ጥገና ወቅት የሚደረግ የነርቭ ክትትል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በጅማ አንድ ሰው የአንገት አከርካሪ ቀዶ ጥገና ሲታዘዝለት፣ ሊጠይቁት የመጡ ዘመድ አዝማዶች ቡና ላይ ደጋግመው የሚያነሱት ስጋት «ሽባ ሆኖ ቢቀርስ?» የሚል ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ በአንገት የሚያልፈው ህብለ ሰረሰር (በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደው ዋናው የነርቭ ገመድ) ከተጎዳ እጅም እግርም ሊዝል ይችላል። የነርቮችን ሥራ የሚከታተል መሣሪያ መኖሩ ብዙዎችን ያጽናናል፣ ሆኖም ስለ እሱ የሚነገረው ሁሉ ትክክል አይደለም።

«መሣሪያው ካለ ነርቭ አይጎዳም።» መሣሪያው ያስጠነቅቃል እንጂ አደጋን አይከለክልም፤ ጥቅሙ የሚገኘው ሐኪሞቹ ጉዳቱ ዘላቂ ሳይሆን ፈጥነው እርምጃ ሲወስዱ ነው። ስለዚህ ለሚያማክሩኝ ቤተሰቦች «ምልክቱን የሚያነበው ማን ነው? ቢቀንስስ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው እንዲጠይቁ እመክራለሁ።

«በሰመመን የተኛ ሰው ነርቭ አይመረመርም።» ይመረመራል። ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በተዋወቀው ዘዴ፣ ታካሚው በቀዶ ጥገናው መሐል ተቀስቅሶ እግሩን እንዲያንቀሳቅስ ይታዘዝ ነበር። ዛሬ በሰውነት ላይ የሚደረጉ ኤሌክትሮዶች (የነርቭንና የጡንቻን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያነቡ ትናንሽ መሣሪያዎች) ይህን ይተካሉ፤ ነገር ግን ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶች ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚሄደውን የእንቅስቃሴ ምልክት ስለሚያጠፉ፣ በትንፋሽ የሚሰጡ ማደንዘዣዎችም ስለሚያዳክሙት፣ የማደንዘዣ ባለሙያው ብዙ ጊዜ እንደ ፕሮፖፎል ያሉ በደም ሥር የሚሰጡትን ይመርጣል።

«የስሜት ምልክቱ ደህና ከሆነ እንቅስቃሴውም ደህና ነው።» ከሁሉም በላይ መታረም ያለበት ይህ ይመስለኛል። አንደኛው ምርመራ በእጅ አንጓና በቁርጭምጭሚት ላይ ያለውን ነርቭ በኤሌክትሪክ እያነሳሳ፣ በህብለ ሰረሰር የኋላ ክፍል አልፎ አንጎል የሚደርሰውን የስሜት ምልክት ይከታተላል። ሁለተኛው አንጎልን በራስ ቅል በኩል በኤሌክትሪክ እያነሳሳ፣ በእጅና በእግር ጡንቻዎች ላይ የሚታየውን የእንቅስቃሴ ምላሽ ይለካል። የስሜቱ መስመር ሳይነካ የእንቅስቃሴው ብቻ ሊጎዳ ስለሚችል ሁለቱን አብሮ መሥራት ይመረጣል። በሁለተኛው ምርመራ ጊዜ መንጋጋ በድንገት ስለሚገጥም፣ ምላስ እንዳይነከስ በጥርሶች መካከል ለስላሳ መደገፊያ ይደረጋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

«ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ ሰውየው ሽባ ሆኗል ማለት ነው።» የስሜት ምልክቱ ከመነሻው በ50 በመቶ ሲያንስ ወይም በ10 በመቶ ሲዘገይ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ምክንያቱ ግን የደም ግፊት መውረድ፣ የሰውነት መቀዝቀዝ ወይም የላላ ኤሌክትሮድም ሊሆን ይችላል። ራጅ በደንብ እንዲታይ ትከሻ በፕላስተር ወደ ታች ሲወጠር የክንድ ነርቮች ይሳባሉ፤ ፕላስተሩ ሲላላ ምልክቱ ሊመለስ ይችላል። ካልተመለሰ የደም ግፊቱ ከፍ ይደረጋል፣ አጥንቱን ለማያያዝ ከሁሉም በኋላ የገባው ብሎንም ይፈተሻል።

«ምልክቱ እስከ መጨረሻው ደህና ከነበረ ስጋቱ አለፈ።» አምስተኛው የአንገት ነርቭ በክትትሉ ምንም ሳይታይ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ቀናት ሊዝል ይችላል፤ ታካሚው ክንዱን ወደ ጎን ማንሳት ወይም ክርኑን ማጠፍ ያቅተዋል። አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል። ቢሆንም አዲስ አበባ ታክሞ ጅማ የተመለሰ ሰው እንዲህ ያለ ድካም ሲያይ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ ለሐኪሙ ይደውል፤ እግሮቹ ከዛሉ ወይም ሽንት አልወጣ ካለው ደግሞ በዚያው ሰዓት በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።