«ኢንተርኔሲን»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንግሊዝኛ ዜና የሚያነብ ሰው «ኢንተርኔሲን» (internecine) የሚለውን ቅጽል ሳያገኘው አይቀርም። አንድ ፓርቲ ለሁለት ተሰንጥቆ ሲጠላለፍ ወይም የአንድ ወገን ታጣቂዎች መሣሪያቸውን ወደ ጓዶቻቸው ሲያዞሩ፣ «ጦርነት» ወይም «ሽኩቻ» ከሚለው ቃል ፊት ይገባል። በዛሬው አጠቃቀም «እርስ በርስ የሚያጠፋፋ» ማለት ነው። ስለ አመጣጡ የሚነገረው ግን አብዛኛው ስህተት ነው።

«ከ‹ኢንተርናል› የመጣ ስለሆነ ውስጣዊ ማለት ነው»

ፊደሉ ያሳስታል። ቃሉ የሚከፈለው «ኢንተርን» ላይ ሳይሆን «ኢንተር» ላይ ነው። የቀረው ክፍል የመጣው ከላቲኑ «ኔካሬ» ነው፤ መግደል ማለት ነው። እጅግ ጎጂ የሆነን ነገር የሚገልጸው «ፐርኒሸስ»ም የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። ቃሉ ሲወለድ ዋና ሐሳቡ ግድያ ነበር።

«‹ኢንተር› መካከል ማለት ስለሆነ፣ ቃሉ ከጥንትም የእርስ በርስ ነው»

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ ደግሞም አይፈረድበትም። «ኢንተርናሽናል» በአገሮች መካከል ከሆነ፣ ይሄኛውስ ለምን በወገኖች መካከል አይሆንም? ነገሩ ግን በላቲን «ኢንተር» አንዳንዴ ሥራው ሌላ ነው። ግሱን ያጠነክረዋል፤ «ፈጽሞ፣ እስከ መጨረሻው» የሚል ስሜት ይሰጠዋል። መግደል የሚል ትርጉም ያለው ሌላው የላቲን ግስ «ኢንተርፊኬሬ»ም በዚሁ «ኢንተር» ይጀምራል፤ «መካከል» የሚባል ነገር ግን የለበትም። ሮማውያን ጦርነትን በዚህ ቅጽል ሲጠሩት አንድም ሰው እንዳይተርፍ የሚደረግ፣ የእልቂት ጦርነት ማለታቸው ነበር።

ታዲያ «እርስ በርስ» የሚለው ከየት ገባ? በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ገጣሚ ሳሙኤል በትለር «ሁዲብራስ» በተባለው ሥራው ውስጥ የግብፃውያንን የእምነት ጦርነት በዚህ ቃል ገለጸው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ዝነኛ መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም ቃሉን አስገባው። ፍቺውን ሲጽፍ ግን «ኢንተር»ን በተለመደው ትርጉሙ ወሰደውና እርስ በርስ ለመጠፋፋት መጣር ብሎ ፈታው። የጆንሰን መጽሐፍ ትልቅ ተሰሚነት ነበረው፤ ፍቺው በዚያው ተስፋፋ። አንድ የተሳሳተ ፍቺ የአንድን ቃል ዕጣ ሲወስን ማየት፣ ለእኔ ከመዝገበ ቃላት ታሪክ ሁሉ እጅግ የሚገርመኝ ነው።

«እንግዲያው ዛሬ ‹እርስ በርስ› ብለው የሚጠቀሙበት ሁሉ ተሳስተዋል»

በፍጹም! ስህተቱ የጆንሰን ነበር፤ የዛሬው ተናጋሪ ስህተት አይደለም። የእርስ በርሱ ፍቺ በዛሬዎቹ መዝገበ ቃላት ሙሉ ቦታ አለው። እንዲያውም በዘመናዊ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉን ለተራ እልቂት ያዋለ ሰው አንባቢውን ያደናግራል። የላቲኑን ሥር እየጠቀሱ ሰውን ማረም ተገቢ አይመስለኝም።

«ደም ካልፈሰሰ አይባልም»

ይባላል። የፓርቲ፣ የቤተሰብ ወይም የድርጅት ሽኩቻም ይገለጽበታል። ለማንኛውም ጭቅጭቅ ግን አይሆንም። በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሰዎች ተጣልተው ሁለቱም ወገን ሲከስር ነው ቃሉ ቦታውን የሚያገኘው። ሁለት ተቀናቃኝ ኩባንያዎች በዋጋ ቢፎካከሩ፣ ያ ተራ ውድድር ነው።

«አነባበቡ አንድ ነው»

አይደለም። አሜሪካውያን ብዙ ጊዜ «ኢንተርኔሲን»፣ እንግሊዞች ደግሞ «ኢንተርኒሳይን» ይሉታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።