ከሉተር በፊት ስለነበረችው ቤተ ክርስቲያን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካቶሊካውያንና ፕሮቴስታንቶች የሚከራከሩት በትምህርተ ሃይማኖት ብቻ አይደለም፤ የፕሮቴስታንትን እንቅስቃሴ የጀመረው ጀርመናዊ መነኩሴ ማርቲን ሉተር በ1517 ከመነሣቱ በፊት ያለውን ታሪክም እያንዳንዱ ወገን ለራሱ ምስክር አድርጎ ይጠራዋል። ታሪኩ ግን ለሁለቱም እንደሚፈልጉት አይመሰክርም። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ተሐድሶ ስልም ሉተር የጀመረውን የጀርመኑን ማለቴ ነው እንጂ በአገራችን በዚሁ ስም የሚጠራውን እንቅስቃሴ አይደለም።)

«የካቶሊክን ቤተ ክርስቲያን የመሠረታት ቆስጠንጢኖስ ነው።»
ቆስጠንጢኖስ በ313 ለክርስቲያኖች ነጻነት ሰጠ፤ በ325 በአርዮስ ምክንያት የኒቅያን ጉባኤ ጠራ፤ ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት ያደረገው ግን በ380 ቴዎዶስዮስ ነው። «ካቶሊክ» የሚለውን ቃልማ የአንጾኪያው አግናጥዮስ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለሰምርኔስ ሰዎች በላከው መልእክት ጽፎታል። ሆኖም ቃሉ ኵላዊት (የሁሉ የሆነች) ማለት ነውና፣ በኋላ ዘመን ለሮማ ጳጳስ የተሰጠውን ሥልጣን ሁሉ በእርሱ ማስረዳት አይቻልም።

«ከሉተር በፊት ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረውም፤ ያለውም በሰንሰለት ታስሮ ይደበቅ ነበር።»
ዮሐንስ ሜንቴሊን የተባለ አታሚ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በሽትራስቡርግ በጀርመንኛ ያተመው በ1466፣ ሉተር ከመወለዱ 17 ዓመት አስቀድሞ ሲሆን፣ የሉተር አዲስ ኪዳን በ1522 እስኪወጣ ድረስ 18 ያህል የጀርመንኛ እትሞች ታትመው ነበር። እነዚያ ግን ከላቲኑ የተመለሱና ለጆሮ የሚከብዱ ነበሩ፤ ሉተር ከግሪኩና ከዕብራይስጡ ተነሥቶ ገበያተኛው በሚናገረው ጀርመንኛ በመጻፉ አስረሳቸው። ይህን ቁጥር ይዘው «ክልከላ ጨርሶ አልነበረም» የሚሉ ካቶሊካውያን ደግሞ እንግሊዝን ይዘነጋሉ፤ በዚያ በ1409 የወጣው ደንብ ያለ ቤተ ክህነት ፈቃድ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ እንግሊዝኛ መተርጎምን ከልክሏል።

ሰንሰለቱስ? ለሌባ የታሰበ ነበር፤ በእጅ የተገለበጠ መጽሐፍ እጅግ ውድ ነበርና። በእንግሊዝ የሄርፎርድ ካቴድራል ቤተ መጻሕፍት ሰንሰለቱ በሽፋኑ የፊት ጠርዝ ላይ ስለተያያዘ መጻሕፍቱ የሚደረደሩት ጀርባቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ነው፤ ያ መደርደሪያ የተሠራውም በ1611፣ ካቴድራሉ ከሮማ ከተለየ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

«ካቶሊኮች በ1546 በትሬንት ጉባኤ ሰባት መጻሕፍት ጨመሩ።»
ከሰባቱ መካከል ጦቢትና ዮዲት በ397 በሰሜን አፍሪካ በተደረገው የካርታጎ ጉባኤ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ነገር ግን ጉዳዩ ቀድሞ ተቋጭቶ ነበር ማለትም ስሕተት ነው፤ በ1518 በአውግስቡርግ ሉተርን የመረመረው ካርዲናል ካዬታን ራሱ፣ የላቲኑን መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመውን ቅዱስ ጀሮምን ተከትሎ እነዚህን መጻሕፍት ከቀሩት ለይቶ ያያቸው ነበር። ሉተርም በ1534 እትሙ ለየብቻ አስቀመጣቸው እንጂ አላወጣቸውም። (ከሰባቱ ሁለቱ የመቃብያን መጻሕፍት ናቸው፤ የእኛው መጽሐፈ መቃብያን ግን በይዘቱ ከእነርሱ የተለየ ነው።)

«ዋልዴንሳውያንና ካታሮች ስማቸው ያልተጠራ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ።»
ሁለቱም በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ አውሮፓ የተነሡና ሮማ በመናፍቅነት ያወገዘቻቸው ቡድኖች ናቸው። ዋልዴንሳውያን በ1532 ከተሐድሶው ጋር ተባብረዋል። ከካታሮች መካከል ግን ብዙዎቹ በሁለት ተቃራኒ አማልክት ያምኑ ስለነበር ሉተርም ቢሆን ያወግዛቸው ነበር።

«እስከ 1517 ድረስ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ነበረች።»
ይህን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሲሰማው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ እንደ እኛ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ከሮማ ለየ፤ በ1054 ደግሞ ቁስጥንጥንያ ከሮማ ተለየች፤ በምዕራቡም ከ1378 እስከ 1417 እያንዳንዳቸው «የሮማ ጳጳስ እኔ ነኝ» የሚሉ ተፎካካሪዎች ነበሩ፤ ከ1409 ጀምሮ ቁጥራቸው ሦስት ደርሶ ነበር። በ1534 አባ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር በተወያየ ጊዜ፣ ሉተር በፊቱ ያየው ከሮማ ሥልጣን ውጭ ከሺህ ዓመት በላይ የኖረች ቤተ ክርስቲያን ልጅን ነበር።