ጓያ ምንድን ነው? ለምንስ ይፈራል?

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ለእንግዳ የጓያ ሽሮ ማቅረብ ያሳፍራል። የአተር ወይም የሽምብራ ሽሮ ያለው ቤት ጓያውን ለራሱ ያስቀራል፤ የሌለውም ጓያ መሆኑን አፍ አውጥቶ አይናገርም። ከሐፍረቱ በላይ ደግሞ ፍርሃት አለ፤ «ጓያ እግር ይይዛል» ይባላል። ይህን ፈርቶ ጨርሶ ቤቱ የማያስገባ ሰው አለ። ሽሮውን እየበላ ሲፈላ የሚወጣውን እንፋሎት ብቻ የሚሸሽም አለ። እግር መያዙ እውነት ነው። ሰው የሚሸሸውና ሊሸሸው የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ጉዳቱም የሚመጣው በዚህ ክፍተት ነው።

ጓያ ከአተርና ከባቄላ ወገን የሆነ ጥራጥሬ ነው፤ በትግርኛ ሰበረ ይሉታል። ፍሬው ክብ አይደለም። እንደ መጥረቢያ ባንድ ወገኑ የሳሳ፣ ማዕዘን ያለው፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ነጠብጣብ የጣለበት ነው። ገበያ ላይ ከሌላው የሚለየው በዚህ ቅርጹ ነው፤ አተር ድቡልቡል ነው፣ ሽምብራ ምንቃር አለው። ከተከካ በኋላ ግን ሁሉም ቢጫ ስለሚሆን ጓያን ከአተር ክክ ጋር መቀላቀል ቀላል ነው። ጥርጣሬ ካለ ክኩን እፍኝ ያህል መዳፍ ላይ አፍስሶ ማገላበጥ ነው፤ የአተር ክክ ጀርባው እንደ ግማሽ ኳስ ይሞላል፣ የጓያው ጠፍጠፍ ይልና ጠርዙ ይሾላል። ከተፈጨ በኋላ በዓይን መለየት አይቻልም። ሽሮን በዱቄት ከመግዛት በፍሬ ገዝቶ ማስፈጨት የሚሻለው አንድም ለዚህ ነው።

ገበሬው ጓያን የሚዘራው ሌላ ስላጣ ብቻ አይደለም። እንደ ቢቸና አካባቢ ያለው ዋልካ መሬት ክረምቱን ውኃ ቋጥሮ ይከርማል፤ ዝናቡ ሲያበቃ ጓያ በቀረው እርጥበት ላይ ይዘራል። ብዙ እርሻና ማዳበሪያ አይፈልግም። ውኃ የተኛበትንም፣ የተሰነጠቀውንም መሬት ይችላል። ከፍሬው ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ ጭዱ ለከብት ይሆናል፣ መሬቱንም ለሚቀጥለው ዘር ያለመልማል። ጤፉ በድርቅ ሲመታ ጓያው ቆሞ ይገኛል። መከራውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ሌላው ሁሉ በጠፋበት ዓመት ጎተራ ውስጥ የሚቀረው እሱ ብቻ ይሆናል።

መርዙ ኦዳፕ ይባላል፤ የህንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ነጥለው አውጥተውታል። ነርቮች መልእክት የሚቀባበሉበት ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር በሰውነታችን አለ፤ ኦዳፕ ይህን ይመስላል። እግርን የሚያዙት ነርቮች ትክክለኛው መልእክት የደረሳቸው መስሏቸው ያለ ዕረፍት ይሠራሉ፤ በመጨረሻም ይሞታሉ። የሞተ ነርቭ ደግሞ አይተካም። ተክሉ በድርቅ ሲጨነቅ በፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ ይጨምራል፤ ስለዚህ ክፉ ዓመት ሰውን ጓያ ብቻ እንዲበላ ሲያስገድደው፣ የሚበላውም ጓያ ከወትሮው የከፋ ነው።

አንድ ማንኪያ የጓያ ሽሮ ማንንም አያሽመደምድም። ጉዳቱ የመጠንና የጊዜ ጉዳይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ ላይ፣ ሮማንያውያን በዩክሬን ባቋቋሙት የቫፕኒያርካ ካምፕ እስረኞች በቀን 400 ግራም ያህል የተቀቀለ ጓያ ከጥቂት የገብስ ዳቦ ጋር ይሰጣቸው ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙዎቹ እግራቸው ተያዘ። እስረኛ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር መንስኤው ጓያው መሆኑን የለየው እዚያው ነው። እኛም ዘንድ በሽታው በብዛት የታየው ጓያ የዕለት ቀለብ በሆነባቸው ጊዜያት ነው፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጎንደር በኩል በደንቢያና በፎገራ፣ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በወሎ በደላንታና ዳውንት። ስለዚህ መለኪያው ሲሶ ነው። ጓያ ከቀኑ ምግብ ሲሶውን አልፎ ለሁለትና ለሦስት ወር በተከታታይ ከተበላ አደጋው ደርሷል ማለት ነው። ከእንጀራ ጋር ለወጥነት የሚበላ ሽሮ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በታች ነው።

አመጣጡ ድንገተኛ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ማታ ደህና ተኝቶ ጧት ሲነሳ ባቱ ይጨመደዳል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ቁልቁለት መውረድ ያስቸግረዋል። እየቆየ እግሩ እንደ እንጨት ይገተራል፣ ተረከዙ መሬት መንካት ይተውና በጣቶቹ ይራመዳል፣ ጉልበቶቹ እየተሻገሩ ይጋጫሉ። ሐኪሞች ደረጃውን በዱላ ይቆጥሩታል፤ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ ባንድ ዱላ፣ በሁለት ዱላ፣ በመጨረሻም የሚድህ። አእምሮው እንደነበረ ነው፣ እጁም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ፈውስ የለውም። በመጀመሪያው ምልክት ጓያን ማቆም ግን ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ያግዳል፤ ባት የመጨምደዱ ነገር ሲጀምር «ድካም ነው» ብሎ አንድ ሳምንት መጨመር በዱላ ደረጃ ሊከፈል ይችላል።

አሁን ወደ ማድቤቱ እንግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ኦዳፕ በውኃ ይሟሟል። ይህን የያዘች ሴት የቀረውን ሁሉ ራሷ ታውቀዋለች። ጓያውን ለቅሞና አጥቦ ከማታ እስከ ጧት መዘፍዘፍ፤ ለአንድ ጣሳ ጓያ አራት ወይም አምስት ጣሳ ውኃ። ጧት ውኃውን መድፋት። በሌላ ንጹሕ ውኃ፣ አሁንም በብዙው፣ አንድ ፍል አፍልቶ ያንንም መድፋት፣ ማለቅለቅ። ከዚያ ጸሐይ ላይ አስጥቶ አድርቆ፣ አምሶ፣ ከክቶ፣ በሰፌድ ገለባውን አበጥሮ፣ ከቅመሙ ጋር ማስፈጨት። መርዙ ጨርሶ ባይወጣም ብዙው የሄደው ከተደፋው ውኃ ጋር ነው።

ስሕተቱም የሚገባው እዚሁ ላይ ነው። ንፍሮ ሲሠራ ውኃው አይደፋም፤ እስኪመጠጥ ይንተከተካል፣ ጨው ይነሰነስበትና ይወጣል። ከፍሬው የወጣው መርዝ ተመልሶ ፍሬው ላይ ደረቀ ማለት ነው። ቆሎውማ ውኃ አላየም፤ የብረት ምጣድ እሳት ቆዳውን ቢያሳርረውም የውስጡን መርዝ ጨርሶ አያጠፋም። እሸቱ ደግሞ እሳትም ውኃም አላየም፤ እረኛው ከማሳው ቀጥፎ ጥሬውን ይቆረጥመዋል። በደላንታና ዳውንት በተጠቁት ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት የደረሰበትም ይህንኑ ነው፤ አደጋውን ከፍ ያደረጉት እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው ሲሆኑ፣ በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ ሲበላ ያን ያህል ጉዳት አልታየም። በእንጀራ ሲሆን ሊጡ ይቦካል፣ ከሌላ እህልም ይቀላቀላል። ወጡ ደግሞ ጉዳቱን ይቀንሳሉ የሚባሉት ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ አሉበት፣ የሚበላውም በእንጀራ ነው።

ሁለት ጊዜ ውኃ መድፋት በቃል ይቀላል። በድርቅ ዓመት አንድ ጀሪካን ለመቅዳት ግማሽ ቀን የምትሄድ እናት፣ ማገዶ ያጣችም እናት፣ ያንን ውኃ መሬት ላይ ማፍሰስ እንዴት ይሆንላታል? ንፍሮና ቆሎ በረኃብ ጊዜ የሚበዙት ማገዶም፣ ውኃም፣ ጊዜም ስለሚቆጥቡ ነው። ውኃው ከጠበበ ሌላው መንገድ መቀላቀል ነው፤ ለአንድ ጣሳ ጓያ ሁለት ጣሳ ገብስ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ። ጓያ ሜቲዮኒን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ይጎድለዋል፤ እህል ግን አለው፣ ነርቭንም ከጉዳት ለመከላከል ያግዛል ተብሎ ይታመናል። ወተትና እንቁላልም ይህን ይሰጡ ነበር። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ግን እነሱ አይነኩም፤ ጾሙ በራሱ ማንንም አያሽመደምድም፣ ሆኖም የጾሙ ሽሮና ንፍሮ ሁሉ ጓያ እንዳይሆን ማሰብ ያስፈልጋል።

እንፋሎቱስ? ጓያ ሲፈላ እንፋሎቱ የነካው፣ በጭዱ ላይ የተኛ፣ በአውድማው ላይ የተራመደ እግሩ ይያዛል የሚል እምነት በገጠሩ ሥር የሰደደ ነው። ኦዳፕ በእንፋሎት አይወጣም፤ በቆዳም አይገባም። እምነቱ ከየት መጣ ቢባል ግን መልስ አለው። በአውድማ የሚያድሩትና በማሳው የሚውሉት ወጣት ወንዶች ናቸው። በሽታው አጥብቆ የሚይዘውም እነሱኑ ነው፤ እሸቱን የሚቀጥፉት፣ ቆሎውን በኪሳቸው ይዘው የሚውሉት እነሱ ናቸውና። ያየው ሰው ትክክል አይቷል፣ ምክንያቱን ግን ለጭዱ ሰጠው። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ እናቲቱ እንፋሎቱን ፈርታ ድስቱን ከድና ትርቃለች፣ ውኃው ያልተደፋለትን ንፍሮ ግን ለልጆቿ ታካፍላለች።

መከልከል መፍትሔ ይሆናል ወይ? ህንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን ከልክላ ነበር፤ መዝራቱና መብላቱ ግን አልቀረም። ሌላው መንገድ ኦዳፕ ያነሰበት ዘር ማውጣት ነው፤ በአገራችን ዋሴ የተባለው ዝርያ በዚህ ምክንያት የወጣ ነው። ዝርያው አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የጓያ አበባ በንብ ስለሚዳቀል፣ ከአሮጌው ጓያ ማሳ አጠገብ የተዘራ አዲስ ዘር ከዓመት ዓመት ወደ ድሮው መርዝ ይመለሳል። ለዘር የሚቀመጠው ከማሳው መሐል የታጨደው ይሁን እንጂ ከዳር አይሁን።

ዝናብ ከድቶ ጎተራው ውስጥ ጓያ ብቻ ከቀረ ደግሞ፣ ከፊሉን ገበያ አውጥቶ በበቆሎ ወይም በገብስ መለወጥ ነው። እህል የሚታደልበት ዓመት ከሆነ የተሰጠውን ለብቻ፣ ጓያውን ለብቻ በተለያየ ወር መብላት አይጠቅምም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ላይ ቀላቅሎ ማስፈጨት ይሻላል።