«ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» እና ስለ ማይነሩ የሚባሉ ሌሎች ነገሮች

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ተማሪ «ከዋናው ትምህርቴ ጎን ፖለቲካና ሥነ ምግባርን በማይነር ልወስድ ነው» ካለ (ማይነር ከዋናው ዘርፍ፣ ከሜጀሩ፣ ጎን የሚወሰድ አነስ ያለ ሁለተኛ ዘርፍ ነው)፣ አቦሉ ሳይጠጣ ምክሩ ይዘንብበታል። አብዛኛው ምክር ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ግን ስህተት ነው።

«ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ»

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ማንም ያውቀዋል። ትምህርቱ ግን ፓርቲ አያስመርጥም፣ መታወቂያም አያስይዝም። የሚጠይቀው መንግሥት ዜጋን የማዘዝ መብት ከየት እንዳገኘ፣ ዜጋውስ እስከ የት ድረስ መታዘዝ እንዳለበት ነው። ኮረንቲም ቢሆን የሚያውቀው ሰው ይነካዋል።

«ሥነ ምግባር ስብከት ነው»

ይህን ያስተማረን ትምህርት ቤት ነው። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ፣ ኋላም ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር የተማረ ሰው መልሱን ከደብተሩ ገልብጦ መጻፍ ለምዷል። እዚህ የሚታረመው መልሱ ሳይሆን ወደ መልሱ የተሄደበት መንገድ ነው።

ለምሳሌ የ1965 እና 66ቱን የወሎ ረሃብ እንውሰድ። «ዝናብ ጠፋ፣ ሰው አለቀ» ማለት የተለመደ ነው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሌላ ነገር አሳየ፦ በአገር አቀፍ ደረጃ የምግብ አቅርቦቱ ያን ያህል አልቀነሰም፤ ደሴ ገበያ ላይም እህል እንደሚጠበቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አሥመራ የሚጫን እህል ነበር። ምክንያቱ ገበሬው አዝመራው ሲጠፋበት ምግቡ ብቻ ሳይሆን መግዣው ጭምር መጥፋቱ ነው። መግዣ የሌለው ሰው ዋጋ አያስወድድም። ሌሎች አጥኚዎች የወሎ ምርት ራሱ ክፉኛ መውደቁን አንስተው ሴንን ሞግተውታል፤ ያም ክርክር ይነበባል።

እስከዚህ ያለው የፖለቲካና የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው። ሥነ ምግባሩ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፦ ነጋዴው በሕግ የገዛውን እህል በሕግ ጭኖ ቢሄድ በድሏል? ማንም ሕግ ካልጣሰ ተጠያቂው ማን ነው? ረሃቡን የደበቀ ባለሥልጣንና ሰምቶ ዝም ያለ ባለሥልጣን እኩል ይጠየቃሉ? ደረቅ ስብከት ለእነዚህ መልስ የለውም።

«ከየክፍሉ የተለቃቀመ ቀላል ኮርስ ነው»

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ማይነር ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ኮርስ፣ ከ15 እስከ 18 ክሬዲት ገደማ ነው። እዚህ አገር ማይነር መኖር አለመኖሩም ሆነ ክሬዲቱ በየዩኒቨርሲቲው ሌጂስሌሽን (የውስጥ ደንብ) ይወሰናል። በቁጥር ቀላል ይመስላል። ተማሪው የሚወድቀው ግን ወረቀት ሲጽፍ ነው። ከፖለቲካል ሳይንስ የመጣው «እንዲህ ሆነ» ብሎ ሳይታወቀው «እንዲህ መሆን አለበት» ላይ ይዘላል፤ ከፍልስፍና የመጣው መርሁን አሳምሮ አንድ ተጨባጭ ነገር ሳያነሳ ይጨርሳል።

ለ5 ገጽ ወረቀት የሚሠራ አካሄድ አለ። ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ፤ የሆነውን በማስረጃ በ1 ገጽ ተኩል መዘርዘር፤ የሚዳኙበትን መርህ በስሙ ጠርቶ ማስረዳት፤ ከዚያ ተቃዋሚው ሊያነሳ የሚችለውን ከባዱን መከራከሪያ (ቀላሉን አይደለም) አምጥቶ መመለስ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ብዙ ነጥብ የሚቆረጠውም እዚያው ላይ ነው።

«ለኢንጂነር ምን ይሠራለታል?»

ኮምቦልቻ አካባቢ መንገድ ወይም ፋብሪካ የሚቀይስ ሰው ገበሬ ማስነሳቱ አይቀርም። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ዓ.ም. በቋሚነት የሚነሳ ባለይዞታ የልማት ተነሺነት ካሣ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። አዋጅ 1161/2011 ይህን ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላላገኘ ተነሺ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ አደረገው። ማባዛቱን ካልኩሌተር ይሠራዋል። 10 ለምን 15 ሆነ? ከአማካዩ ወደ ከፍተኛው ለምን ተዛወረ? ስሌቱ ባለይዞታውን ነው የሚያየው፤ ምርቱን ከባለይዞታው ጋር እየተካፈለ መሬቱን በእኩል ሲያርስ የኖረውስ? እኛ ለመሐንዲስ ከዚህ የቀረበ የፍትሕ ጥያቄ አናውቅም።

«የፈረንጅ ፍልስፍና ነው»

አርስቶትልና ካንት ይነበባሉ፤ አዎ። ግን ሙስሊምና ክርስቲያን ሽማግሌዎች አብረው ተቀምጠው ደም የሚያደርቁበት የወሎው አበጋር ለሴሚናር የሚበቃ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ገዳዩን ይቀጣል፤ አበጋር ሁለቱን ወገን ያስታርቃል። የተበዳዩ ቤተሰብ እሺ ያለው ወዶ ነው ወይስ ሽማግሌዎቹን አፍሮ? ሴቶችስ ቃላቸው ይሰማል? እነዚህ ካልተጠየቁ አበጋርን ማወደስ ብቻ ይሆናል።

«ዲግሪው ላይ ተጽፎ ሥራ ያስገኛል»

በብዙ ቦታ ማይነር ትራንስክሪፕት ላይ እንጂ ዲፕሎማው ላይ አይወጣም። ስለዚህ ሳይመዘገቡ በፊት ሬጅስትራርን ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ አንድ ኮርስ ለሜጀሩም ለማይነሩም ይቆጠራል ወይ፤ ዋናው ኮርስ በየሴሚስተሩ ይሰጣል ወይስ በዓመት አንዴ፤ የመመዝገቢያ ገደቡ የስንተኛ ዓመት ነው። ዓመት የሚበላው ሁለተኛው ነው፦ በዓመት አንዴ የሚሰጥ ኮርስ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያመለጠው ተማሪ ምርቃቱን ያራዝማል ወይም ማይነሩን ይተዋል።