ታርፖን፦ የሚወራው ሌላ፣ አሳው ሌላ

በደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳ፣ ከኤቨርግሌድስ ሲቲ እስከ ፍላሚንጎ፣ ባሕሩና መሬቱ የት ጋ እንደሚለያዩ ማወቅ ያስቸግራል። ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ እዚያው ጨው ውሃ ውስጥ ይበቅላል። በዛፎቹ መሀል ጠባብ የውሃ መንገዶች እየተጠማዘዙ ያልፋሉ። ሰሜናዊውን ክፍል «አሥር ሺህ ደሴቶች» ይሉታል። ቁጥሩ የተጋነነ ነው፤ መንገድ ለጠፋበት ሰው ግን ያንሳል።

ታርፖን የሚባለው ግዙፍ አሳ ከሚፈለግባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ቅርፊቱ ስለሚያብለጨልጭ አጥማጆች «የብር ንጉሥ» ብለውታል። ርዝመቱ ከ2 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በዓለም ሪከርድነት የተመዘገበው 130 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በ2003 ጊኒ ቢሳው ውስጥ ነው የተያዘው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጫሞ ላይ ነጭ አሳ ያጠመደ ሰው «ትልቅ አሳ አውቃለሁ» ቢል አይፈረድበትም። ታርፖን ፊት ግን ከሚያውቀው ግማሹ ይከዳዋል። ስለዚህ አሳ የምሰማው የተሳሳተ ምክር ምንጩ በአብዛኛው አንድ ነው፤ እንደሌላው አሳ መቁጠር። ታርፖን ግን ከውሃ በላይ ያለውን አየር ይተነፍሳል። አፉም ወደ ላይ የዞረ ነው። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ ይመዘዛል።

«ትልቅ አሳ የሚገኘው ጥልቅ ባሕር ላይ ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች ትልቅ ጀልባ ተከራይተው ማዶው እስኪጠፋ ይሄዳሉ። ታርፖኑ ደግሞ አንዳንዴ ኋላቸው፣ ማንግሮቭ ሥር፣ ከሰው ቁመት በማይበልጥ ውሃ ውስጥ ተኝቷል።

እንዴት? አሳ ሁሉ ማለት ይቻላል በስንጥቡ ከውሃ ውስጥ ኦክስጅን ይወስዳል። ታርፖንም ስንጥብ አለው፤ ግን ተጨማሪ መሣሪያ ይዟል። ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ከጉሮሮው ጋር የተያያዘ ነው፤ ውስጡም እንደ ሳንባ ኦክስጅን ይቀበላል። ስለዚህ ቅጠል የበሰበሰበት፣ የረጋና የሞቀ ውሃ ሌላውን አሳ ሲያፍነው ታርፖን ብቅ ብሎ አየር ይጎርስና ኑሮውን ይቀጥላል።

ልጅነቱም እዚያው ነው። እናቶቹ እንቁላል የሚጥሉት ከባሕር ዳር ርቀው ነው። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ እባብ የሚመስሉት ኢል የተባሉ አሳዎች እጭም እንዲሁ ነው። ሳይንቲስቶች ሁለቱን በአንድ ወገን የሚመድቡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እጩ ማዕበል እየገፋው ወደ ዳር ይመጣና ማንግሮቭ ውስጥ ያለ ኩሬ ይገባል። እዚያ ኦክስጅን ስለሚያንስ የሚበላው ትልቅ አሳ ተከትሎት አይገባም። ካደገ በኋላም ሙሌት የሚባለውን አሳ እያሳደደ ወደነዚሁ ውሃዎች ይመለሳል።

ጨው ውሃም ግዴታው አይደለም። ከካሪቢያን ባሕር ተነስቶ በሳን ሁዋን ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ ኒካራጓ ሐይቅ ድረስ ይደርሳል። መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፓናማ ቦይ በኩልም ተሻግሮ ሰላማዊ ውቅያኖስ ገብቷል። የፈቀደለት ማንም የለም፤ መርከቦቹን ተከትሎ አለፈ እንጂ።

«ውሃው ላይ ከተገለበጠ እየበላ ነው»

በማለዳ ውሃው ጸጥ ባለበት ሰዓት የብር ጀርባ ብቅ ይልና ይሰወራል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ልቡ ይዘላል፤ ቶሎ ቶሎ እላዩ ላይ ይወረውራል። አሳው ግን ብዙ ጊዜ መተንፈሱ ብቻ ነው። የጠገበም፣ ያንቀላፋም፣ በመንገድ ላይ ያለም ታርፖን ይተነፍሳል።

ቢሆንም መረጃው ወርቅ ነው። መኖሩን ነገራችሁ። ዋናው ነገር ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማየት ነው። ጭንቅላቱ ወዴት ዞሯል? ሁለተኛው የት ወጣ? ጀርባው የታየበት ቦታ ላይ መወርወር ባዶ ቤት ማንኳኳት ነው፤ አሳው አልፏል። ከፊቱ አሳልፋችሁ ወርውሩ።

«ሉሩን ወደ ታች ስደደው፤ ትልቅም ይሁን»

ሉር ማለት አሳ ወይም ሽሪምፕ እንዲመስል ከፕላስቲክ፣ ከእንጨት ወይም ከብረት የተሠራ ማባበያ ነው። ሰው የሚሳሳተው በብዛት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የታርፖንን ፊት አስተውሉ። የታችኛው መንጋጋ ወደ ፊት ወጥቶ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ዓይኑ ትልቅ ነው። ይህ ከራሱ በላይ ያለውን ነገር ከሥር መጥቶ የሚጎርስ አሳ ነው። ሉራችሁ ከሥሩ ካለፈ አያየውም፤ ቢያየውም ጎንበስ ብሎ ለመልቀም ብዙ አይቸኩልም። በዓይኑ ትይዩ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይለፍ። አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ውሃ ላይ ከባድ እርሳስ ያለው ሉር መወርወር ጭቃ ማጥመድ ነው።

አቅጣጫም አለ። ትንሽ አሳ ትልቁን ሲያይ ይሸሻል። ሉራችሁ በቀጥታ ወደ ታርፖኑ አፍ ሲገሰግስ ከታየ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ አሳው ይደነግጥና ይሄዳል። ስለዚህ ሉሩ ከፊቱ አቋርጦ ወይም ከእሱ እየራቀ እንዲሄድ አድርጋችሁ ጎትቱ። ቀስ ብላችሁ። ክሩ የሚጠቀለልበትን ሪል እንደ ስፌት መኪና የሚያሽከረክሩ ሰዎች አሉ፤ በዚህ ጥቁር ውሃ ውስጥ አሳው ሉሩን እንዳያገኘው እየረዱት ነው።

የማንግሮቭ ውሃ በቅጠሉ ቀለም ቡናማ ነው። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ የሚያብለጨልጭ ይሻላል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አሳው ግን ወደ ላይ፣ ወደ ሰማዩ ነው የሚያየው። ከሰማይ ብርሃን ጋር ጎልቶ የሚታየው ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቅርጽ ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ጠቆር ያለውን አስቀድሙ።

መጠኑስ? በፍሎሪዳ ደቡባዊ ጫፍ ባሉት ኪይስ የተባሉ ደሴቶች፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ፓሎሎ የሚባል የባሕር ትል የኋላ አካሉ ለመራባት ተነጥሎ ከተደበቀበት ድንጋይ ይወጣል። ከጣት አይረዝምም። ከ50 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ታርፖኖች ተሰልፈው እሱን ይለቅማሉ። ትልቅ አሳ ትልቅ ምግብ ብቻ ይፈልጋል የሚለው ነገር እዚያ ላይ ያበቃል።

«ጥርሱ ክር ይቆርጣል፤ ሽቦ እሰር»

ጥርሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረና ደቃቅ ነው። አይቆርጥም፤ ግን ይፍቃል፣ ክሩም ቀስ በቀስ ይሳሳል። ከሉሩ በፊት 60 ወይም 80 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን የተባለ ጠንካራ የፕላስቲክ ክር ማሰር ይበቃል። ሽቦው የሚጠቅመው አሳውን ለማስደንገጥ ነው።

«ሲጎርስ ዘንጉን በኃይል ወደ ላይ መንጭቅ»

ፊልም ላይ ያየነው ይህ ነው። የታርፖን አፍ ውስጡ አጥንት ነው፤ መንጠቆ የሚገባበት ቦታ ትንሽ ነው። ዘንጉን ወደ ላይ ስትመነጭቁ ሉሩ ከአፉ ወጥቶ ወደ ፊታችሁ ይመጣል። ሦስት መንጠቆ ያለው ሉር ፊታችሁ ላይ ሲመጣ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው።

ዘንጉን ወደ አሳው አመልክታችሁ ክሩ እስኪወጠር ጠቅልሉ። ክብደቱ ሲሰማችሁ ዘንጉን ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ጎን ጠበቅ አድርጉ፤ ደገም አድርጉት። መንጠቆው ደግሞ የተሳለ ይሁን። ከፋብሪካ እንደወጣ መጠቀም ስንፍና ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ብዙው ያመልጣል። ታርፖን ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ካፒቴኖችም (አጥማጅ በጀልባቸው ይዘው የሚወጡ መሪዎች) ከያዙት ያመለጣቸው ይበዛል።

«ሲዘል ክሩን አጥብቀህ ያዝ»

ለሌላ አሳ ይህ ምክር ትክክል ነው። ክር ከላላ አሳ ያመልጣል ተብለን ነው ያደግነው። ታርፖን ግን ሙሉ አካሉን ከውሃ አውጥቶ ይዘላል፤ አየር ላይ ጭንቅላቱን ያወዛውዛል፤ ስንጥቡ ሲንኳኳ ይሰማል። ውሃ ውስጥ ክብደቱን ውሃው ይሸከምለታል። አየር ላይ ያ ሁሉ ኪሎ የሚወድቀው ክራችሁ ላይ ነው። ክሩ ከተወጠረ ወይ ይበጠሳል ወይ መንጠቆው ይነቀላል።

ስለዚህ ሲዘል ዘንጉን ወደ እሱ ዘርጉና ጎንበስ በሉ። አጥማጆቹ «ለንጉሡ እጅ ንሣ» ይላሉ። እኛ እጅ መንሣት አይከብደንም። ውሃ ውስጥ ሲመለስ መልሳችሁ ወጥሩ።

«ረጅም ትግል ያስከብራል»

በቀጭን ክር ሦስት ሰዓት ታገልኩ የሚል ሰው ሲያወራ ሁሉም ያደንቃል። እኔ አላደንቅም። ክሩ እንዳይሮጥ የሚይዘውን የሪሉን ፍሬን አላልቶ አሳውን ከሩቅ ሲያንሸራሽር ነበር ማለት ነው። ታርፖኑ በየመሀሉ ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል፤ ኃይሉን ያድሳል። እንዲህ ከሆነ ትግሉ የትም አይደርስም። በመጨረሻ ሲለቀቅም የደከመ አሳ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ ቡል ሻርክ አለ፤ መዶሻ ራስ የሚባለው ሻርክም ይመጣል። የደከመ ታርፖን ለሁለቱም የቀረበ ምሳ ነው።

ጠንካራ ዕቃ ያዙ። ዘንጉን ዝቅ አድርጋችሁ አሳው ከሚሄድበት በተቃራኒ ወደ ጎን ጎትቱት። ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ። ጭንቅላቱን ያዞራችሁት ጊዜ ቶሎ ይሸነፋል። ሻርክ ከታየ ደግሞ ክሩን ልቀቁለት ወይም ቁረጡት፤ ፎቶው ይቅር።

ስለ ፎቶ ካነሳን፣ በፍሎሪዳ ሕግ ከ40 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ታርፖን ከውሃ አይወጣም። ጀልባ ላይ አስተኝቶ ፎቶ መነሳት ክልክል ነው። ከጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ ይዛችሁት ፎቶ ተነሱ።

«ይህን ሁሉ ለፍተህ ለቀቅከው?»

ይህቺን ከዘመድ የማይሰማ የለም፤ በተለይ ጾም ሲቃረብና የአሳ ጉላሽ ሲያምር። ታርፖን ሥጋው በደቃቅ አጥንት የተሞላ ነው፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ለገበታ አይፈለግም። አይበላም ማለት ግን አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚልና በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ይበላል።

ፍሎሪዳ ውስጥ ግን ከ2013 ጀምሮ ሕጉ ይዞ መልቀቅ ብቻ ነው። ማስቀረት የሚቻለው ሪከርድ ለመስበር የሚሞክር ሰው ልዩ መለያ ገዝቶ ነው፤ እሱም ለአንድ ሰው በዓመት አንድ ብቻ ነው።

ምክንያቱም አሳው ለመውለድ የሚደርሰው በ10 ዓመቱ ገደማ ነው። ዕድሜውም ረጅም ነው። ቺካጎ የሚገኘው የሼድ አኳሪየም ውስጥ አንድ ታርፖን በ1935 ገብቶ በ1998 ሞተ። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዓመት ገብቶ የባድመ ጦርነት እስከተጀመረበት ዓመት ኖረ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አሳ ለአንድ ቀን ጥብስ ብሎ መግደል ለእኔ አይዋጥልኝም።

«ካፒቴን ያልቀጠረ አይሞክረው»

ግማሽ እውነት ነው። ማንግሮቭ ዳር ያሉትን ትናንሽ ታርፖኖች ካያክ በምትባል ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ ሆኖ መሞከር ይቻላል፤ ለመማርም ከነሱ የተሻለ የለም። ትልልቆቹ በብዛት የሚገኙት ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ነው። ብርድ አይችሉም፤ በ2010 ጥር ላይ ፍሎሪዳን የመታው ቅዝቃዜ ብዙዎቹን ገድሏል።

በራሳችሁ ከሄዳችሁ የፍሎሪዳ የባሕር አሳ ማጥመጃ ፈቃድ አውጡ። ከካፒቴን ጋር ከሆነ የጀልባው ፈቃድ ይሸፍናችኋል። ከኤቨርግሌድስ ሲቲ ፍላሚንጎ የሚወስደው ምልክት ያለው የውሃ መንገድ 99 ማይል ነው፤ ስልክም በአብዛኛው አይሠራም። ካርታ፣ ጂፒኤስና የትንኝ መከላከያ ያዙ። የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓትም ቀድማችሁ እዩ፤ ጠዋት በካያክ የገባችሁበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።