ፍንጭት መዝጋት፦ አማራጮቹና ጣጣቸው

ፍንጭት በጥርሶች መሃል ያለ ክፍተት ነው። በብዛት የሚወራው ግን ስለ ላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ነው። በራሱ በሽታ አይደለም። ባለቤቱ ከወደደውና ድዱ ጤነኛ ከሆነ ባይነካ ይሻላል።

መነሻው ብዙ ነው። ጥርሶቹ ለመንጋጋው ትንንሽ ይሆናሉ፣ ወይም ከመሃለኞቹ አጠገብ ያለው ጥርስ ሳይበቅል ይቀራል። የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያዘው ስስ ሥጋ ወርዶ መሃላቸው ሊገባም ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ድድ ውስጥ የተደበቀ ትርፍ ጥርስ ይለያያቸዋል፤ ይሄ ያለ ራጅ አይታይም። ልጅ ላይ አትቸኩሉ፦ ክራንቻዎቹ እስኪወጡ፣ 11 ወይም 12 ዓመት ገደማ ድረስ፣ ፍንጭት የተለመደ ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላው ብዙውን ጊዜ ራሱ ይገጥማል። አዋቂ ላይ ድሮ ያልነበረ ክፍተት ከመጣ ግን የድድ በሽታ አጥንቱን እየበላው ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱ ይታከማል።

ፈጣኑ መንገድ ኮምፖዚት፣ ማለትም ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ጥርስ መሳይ ሙሊት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለጠባብ ክፍተት ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ይመስለኛል። ጥርስ ላይ የማጣበቁን መሠረት የጣለው አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ማይክል ቡኦኖኮር ነው። ፋብሪካዎች ቀለም ብረት ላይ እንዲይዝላቸው ብረቱን በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚያዘጋጁት አይቶ ያንኑ ጥርስ ላይ ሞከረ፤ ውጤቱን በ1955 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዛሬም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። አሲዱ ለጥቂት ሰከንዶች ይቀባል፣ ይታጠባል፣ ጥርሱ ሲደርቅ ጠመኔ ይመስላል። ማጣበቂያው ይቀባና ከጥርሱ ቀለም ጋር የሚመሳሰለው ኮምፖዚት እየተደራረበ በሰማያዊ መብራት ይደርቃል። ብዙ ጊዜ ጥርሱ ሳይሞረድ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። ጣጣውስ? ቀለም ይይዛል፣ ይሸረፋል፣ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል። ድድ አጠገብ ጠርዙ በደንብ ካልተስተካከለ ቆሻሻ ይሰበስብና ድዱ ይደማል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ጥርሶች አካፋ ይመስላሉ።

ቪኒር፣ ጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፈው ስስ የሸክላ ሽፋን፣ ያምራል፣ ቀለምም እምብዛም አይይዝም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢናሜሉ፣ ጠንካራው የጥርስ የላይ ሽፋን፣ ይሞረዳል፤ የተሞረደ ኢናሜል ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ብሬስ፣ ጥርስ ላይ የሚታሰረው ሽቦ፣ ጥርሱን ራሱን ያንቀሳቅሳል። ጥርሱ በሚሄድበት በኩል አጥንቱ ይሟሟል፣ በኋላው በኩል አዲስ ይሠራል፤ ስለዚህ ወራት ይፈጃል። በደንብ ካልተቦረሸ ዙሪያው ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል፣ አንዳንድ ሰው ላይም የጥርሱ ሥር ያጥራል። ግልጹ ተለባሽ ብሬስ፣ እነ ኢንቪዛላይን ማለት ነው፣ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ካልተደረገ ዋጋ የለውም።

ጥርሶቹን ለማቀራረብ በራስ እጅ ላስቲክ ማሰርን ግን እርሱት! ጥርስ ወደ ሥሩ እየጠበበ ስለሚሄድ ላስቲኩ ተንሸራቶ ድድ ውስጥ ይገባል። ሰውየው ላስቲኩ የወደቀ ይመስለዋል። ውስጥ ግን ወደ ሥሩ እየወጣ ጥርሱን የያዘውን ጅማትና አጥንት ያወድማል። ራጅ ላይም ስለማይታይ ሐኪሙ ካልተነገረው ሌላ በሽታ ይፈልጋል። በዚህ ሁለቱንም የፊት ጥርሶች ያጡ አሉ።

ከንፈርን ከድድ የሚያያዘው ስስ ሥጋ መቆረጥ አለበት ወይ የሚለው ያከራክራል። ብዙዎች ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ ይሁን ይላሉ፤ ቀድሞ ከተቆረጠ ጠባሳው መንገድ ሊዘጋ ይችላል ብለው ነው። ሁሉም ግን አይስማማም።

በብሬስ የተዘጋ ፍንጭት መመለስ ይወዳል። ለዚህ ነው ከጥርሶቹ ጀርባ ቀጭን ሽቦ የሚለጠፈው፣ ብዙ ጊዜም ለዓመታት ይቆያል። ሽቦው ከአንዱ ጥርስ ላይ ብቻ ሲላቀቅ ከፊት ምንም አይታይም፤ በምላስ ሲነካ ግን ይታወቃል፣ ያኔ ቶሎ ማስለጠፍ ነው።