ስለ አሲድና ቤዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎንደር ትምህርት ቤቶች ስለ አሲድና ቤዝ ሲጠየቁ ብዙ ተማሪዎች ትርጓሜውን፣ ማለትም አሲድ በውኃ ውስጥ ሃይድሮጅን አዮን፣ ቤዝ ደግሞ ሃይድሮክሳይድ አዮን የሚሰጥ መሆኑን፣ አሳምረው ይመልሳሉ፤ ሊትመስ ወረቀት በአሲድ ወደ ቀይ፣ በቤዝ ወደ ሰማያዊ እንደሚለወጥም ያውቃሉ። ሆኖም አደገኛው አሲድ ነው፣ ቤዝ ግን የአሲድ ማርከሻ እንጂ በራሱ የሚጎዳ ነገር አይደለም የሚል እምነት ከትርጓሜው ጋር አብሮ ይኖራል። ይህ እምነት ዐይን ሊያሳጣ የሚችል ስለሆነ ከሁሉም አስቀድሞ መታረም አለበት።

ማስረጃው ከከተማችን መሀል አለ። የፋሲል ግቢን ግንቦች ድንጋይ ከድንጋይ ያያያዘው ኖራ የቤዝ ሥራ ነው። የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለቅቆ ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል። በዚህ ነጭ ጓል ላይ ውኃ ሲፈስበት ይሰነጣጠቃል፣ ይንተከተካል፣ በእንፋሎት ይጨሳል፤ በመጨረሻም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ወደተባለው ቤዝ ይለወጣል። ገና የተበጠበጠ ኖራ ፒኤቹ፣ ማለትም ሲያንስ አሲድነትን፣ ሲበዛ ቤዝነትን የሚያሳየው ቁጥር፣ 12.4 ገደማ ነው። በግንቡ ላይ ያለውን ኖራ ዛሬ በእጃችን ብንዳስሰው የማያቃጥለን ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ በጊዜ ብዛት ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ነው። ትኩሱ ኖራ ወደ ግንበኛ ዐይን ቢፈናጠር ግን ጉዳቱ ከብዙ አሲዶች ጉዳት ሊብስ ይችላል፤ አሲድ አብዛኛውን ጊዜ የነካውን ፕሮቲን ስለሚያረጋው የረጋው አካል ራሱ ጥቂት ሲያግደው፣ ብርቱ ቤዝ የሴሎችን ስብ ወደ ሳሙናነት እየለወጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ከዚሁ ስሕተት የሚወለድ ሌላም አለ፤ አሲድ የነካውን ቆዳ በቤዝ፣ ቤዝ የነካውን ደግሞ በሎሚ ማርከስ ይገባል የሚል ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ሙቀት ስለሚያወጡ በቃጠሎው ላይ ሌላ ቃጠሎ ሊጨመር ይችላል፤ የሚጨመረውን መጠን በትክክል መመጠንም አይቻልም። የሚያስፈልገው ብዙ የሚፈስ ውኃ ነው፤ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ፣ ዐይን ከሆነም እያጠቡ ሐኪም ዘንድ መድረስ። ደረቅ የኖራ ዱቄት ከሆነ አስቀድሞ ከቆዳ ላይ መራገፍ አለበት።

«ጠንካራ አሲድ ማለት ክምችቱ የበዛ አሲድ ማለት ነው» የሚለው በፈተና ወረቀት ላይ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው። ጥንካሬ የሚለካው ከአሲዱ ሞለኪውሎች ስንቱ በውኃ ውስጥ ሃይድሮጅን አዮኑን እንደሚለቅ ነው፤ ክምችት ደግሞ በአንድ ሊትር ውስጥ ምን ያህል አሲድ እንዳለ ይናገራል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ስለሚለቅ በ0.1 ሞላር ክምችት (በአንድ ሊትር 0.1 ሞል አሲድ) ፒኤቹ 1 ይሆናል። በአቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ግን በዚያው ክምችት ከመቶ ሞለኪውሎቹ አንድ ያህሉን ብቻ ስለሚለቅ ፒኤቹ 2.9 አካባቢ ነው። ደካማ መባሉም ደኅንነቱን አያረጋግጥም፤ ውኃ ያልተቀላቀለበት አሴቲክ አሲድ ቆዳ ያቃጥላል፣ በኬሚስትሪ ደካማ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድም ሰው ይገድላል።

የፒኤች ቁጥርም በስሕተት እንደ ተራ ቁጥር ይታያል። ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ይህ መለኪያ በእያንዳንዱ እርምጃ አሥር እጥፍ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የጤፍ ሊጥ ቦክቶ ፒኤቹ ከ7 ወደ 4 ሲወርድ የሃይድሮጅን አዮኑ ክምችት በ1,000 እጥፍ ጨምሯል። 7 የገለልተኝነት ቁጥር የሚሆነውም በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ጎንደር ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በዚህ ሙቀት የንጹሕ ውኃ ፒኤች 6.2 አካባቢ ቢሆንም፣ ሃይድሮጅንና ሃይድሮክሳይድ አዮኖቹ እኩል ስለሆኑ ውኃው ያው ገለልተኛ ነው።

አሲድና ቤዝ ተመጣጥነው ሲዋሐዱ የሚገኘው ውሕድ ሁልጊዜ ገለልተኛ ነው ማለትም ልክ አይደለም። እኩል መጠን ያላቸው 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቢቀላቀሉ ፒኤቹ 8.7 አካባቢ ይሆናል። የሚያረፋ ነገር ሁሉ ቤዝ እንዳልሆነም እንዶድ ይመሰክራል፤ አረፋው የሚመጣው በፍሬው ውስጥ ካለው ሳፖኒን ነው።

የመጨረሻው ስሕተት የቤት ውስጥ ነው፤ በረኪናን ከአሲድ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል የማጽዳት ኃይሉን ይጨምራል ይባላል። በረኪና የሶዲየም ሃይፖክሎራይት ውሕድ ሲሆን ጠባዩ ወደ ቤዝ ያደላል፤ አሲድ ሲነካው ሳንባን የሚያቆስል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። መጸዳጃ ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠባብና አየር የማይገባበት ስለሆነ ጋዙ ቶሎ ይታፈናል። ሁለቱ በስሕተት ከተቀላቀሉ ሌላ ነገር ለማርከሻ መጨመር አይገባም፤ በሩን ከፍቶ ወዲያው መውጣት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ካለም ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።